አጥቂው መንግሥቱ ወርቁና ዘመኑ

ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች በታሪክ ጥናት ገጽ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን የአገር ታሪክ በጦር ሜዳና በቤተ መንግሥት ብቻ እንዳልተሠራ እናምናለን፤ ለዚህም የቅዱስ ጊዮርጊሱን አጥቂ አቶ መንግሥቱ ወርቁን በምስክርነት እናቀርባለን።

የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲጀመር ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ነገር ግን በ1949ና በ1951 ዓ.ም. ባደረገቻቸው 3 ግጥሚያዎች 9 ግብ ሲገባባት እርሷ አንድም አላገባችም። ከዘጠኙ 8ቱን ያገባችው ግብፅ ነበረች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለፍጻሜ የገጠመችንም ይህችው ግብፅ ናት፤ በጊዜው የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል ነበር። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፥ መንግሥቱ አራተኛውን አገቡና ዋንጫው በአገር ቀረ። መንግሥቱ በ2 ጨዋታ 3 ግብ አግብቶ፥ ከግብፃዊው ባደዊ ጋር የከፍተኛ ግብ አግቢነትን ክብር ተካፈለ። በዚህ ዋንጫና በኋለኞቹ ያገባቸው ግቦች በጠቅላላው 10 ደርሰዋል።

ይሁን እንጂ ውዳሴ ታሪክ አይደለም። በዚያ ውድድር የተሰለፉት 4 አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ድሉም የአምበሉ የሉቻኖ ቫሳሎና የአሠልጣኙ የይድነቃቸው ተሰማ ጭምር ነው። የአንድ ሰው ችሎታ ብቻውን ቡድን እንደማያቆም የመንግሥቱ የራሱ ሕይወት ያስረዳል። በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኖ ወደ ሊቢያ ሲወስድ፥ የታላቁ አጥቂ ቡድን በ3 ጨዋታ አንድም ግብ ሳያገባ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደ ውድድሩ የተመለሰችው ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ነው። መንግሥቱ ግን በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ስላረፈ ይህን አላየም።

የግቦቹ ቍጥር በመዝገብ አለ፤ ያን ቀን በሕዝቡ ልብ ያደረው ስሜት ግን ያለው በሽማግሌዎች አፍ ነው። ስለዚህ ባልንጀሮቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን፤ በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንመለስ፥ ከአዲስ አበባ ሜዳ ዳር የነበሩትን ብቻ ሳይሆን በሰንበቴ የእሑድ ገበያ የምናገኛቸውንም አረጋውያን እንጠይቅ፤ ቃላቸውንም ሳያልፉ እንጻፍ።