የአበበ ቢቂላ የአከርካሪ ጉዳትና ማገገም

ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮም (1952 ዓ.ም.) እና በቶኪዮ (1957 ዓ.ም.) ኦሊምፒኮች ማራቶንን ያሸነፈ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ነበር። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ መጀመሪያ ላይ እጆቹንም እግሮቹንም ማንቀሳቀስ አልቻለም።

በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታክሞ እጆቹ አገገሙ፤ እግሮቹ ግን እንደ ሰለሉ ቀሩ። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የመሠረተው ይህ ማዕከል ስፖርትን የሕክምናው አካል አድርጎት ነበር። የቀስት ውርወራ የክንድንና የትከሻን ጡንቻ ስለሚያጠነክር ከዋነኞቹ ልምምዶች አንዱ ነው።

አበበም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ተለማመደ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንድቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በአካል ጉዳተኞች የ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ።