ከለገሃር እስከ ቀላል ባቡር

አዲስ አበባ ከባቡር ጋር የተዋወቀችው ገና በወጣትነቷ ነው። በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ፈቃድ የተወጠነው የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በ1906 ዓ.ም. በማረፋቸው ባቡሩ መዲናቸው ሲገባ ለማየት አልታደሉም። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» ሲሉት የከተማው ሕዝብ «ለገሃር» አለው፤ ስሙም የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ።

ያ ባቡር ዕድሜው የረዘመው በሐዲዱ ጥንካሬ ብቻ አልነበረም። በድሬዳዋ የጥገና ወርክሾፕ የተሰበረውን የሚጠግኑ፣ የጎደለውን መለዋወጫ ራሳቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች ትውልድ እየተካ አቆይተውታል። ዕቃው አርጅቶ ጥገናው ሲዳከም ግን በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ተቋረጠ፤ ለገሃርም ባቡር የማይገባበት ጣቢያ ሆነ።

ከተማዋ ከባቡር ጋር ዳግም የተገናኘችው በሌላ መልክ ነው። ግንባታው በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የኤሌክትሪክ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፣ ጥቅምት 29 ቀን ደግሞ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች አገልግሎት ጀመረ። በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚሆነው ሥራ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል፤ ከዚህም 85 በመቶው የቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ ብድር ነው። ሁለቱ መስመሮች በመሐል ከተማ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ከጋራ ጣቢያዎቻቸውም አንዱ ለገሃር ይባላል።

ሲጀመር የጉዞው ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለታታሪው ነዋሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ጠዋትና ማታ ባቡሩ እስከ አፉ ይሞላ ነበር። ነገር ግን ገቢው በብር ሲሰበሰብ መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ፤ በየፌርማታው የሚጠብቀው ሰልፍም ረዘመ።

ሐዲዱን ለመዘርጋት ከአራት ዓመት ያነሰ ጊዜ በቅቷል። ባቡሩን ለማቆየት የሚያስፈልገው ግን የድሬዳዋ ባለሙያዎች የነበራቸው ዓይነት እጅ ነው፤ ያም በብድር አይገኝም። ለገሃር አንድ ጊዜ ባቡር አጥቶ ስሙ ብቻ ቀርቶለት ነበር። ሁለተኛው ባቡርም ስም ብቻ ሆኖ እንዳይቀር መድኃኒቱ ያው የጥገና ሙያ ነው።