ጆ ቶማስ

ጆ ቶማስ (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 1984፣ ዊስኮንሲን ተወለደ) በአሜሪካን ፉትቦል የክሊቭላንድ ብራውንስ የግራ ታክል ተጫዋች ነበር። ታክል ኳስ ይዞ የሚሮጥበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል፤ ሥራው ኳሱን የሚወረውረውን ተጫዋች፣ ኳርተርባኩን፣ ለመጣል የሚንደረደሩትን ግዙፍ ተከላካዮች በገላው መመከት ነው። የግራው ታክል የሚጠብቀው ደግሞ በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ የማያየውን ወገን በመሆኑ ስህተቱ ዋጋ ያስከፍላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ ቶማስ ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ 3ኛ ሆኖ ተጠራ። እሱ ግን በሥነ ሥርዓቱ ላይ አልነበረም፤ ከአባቱ ጋር ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ከመጀመሪያ ጨዋታው አንሥቶ ቡድኑ ባጠቃ ቁጥር፣ 10,363 ጊዜ በተከታታይ፣ አንዴም ሳይቀየር ተሰልፏል። ይህን ያቋረጠው ኦክቶበር 2017 የደረሰበት የክንድ ጡንቻ መበጠስ ነው። 10 ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋቾች ለሚጠሩበት ፕሮ ቦውል ተመርጧል። ቡድኑ ግን እንደ እሱ አልነበረም፦ በእነዚያ ዓመታት አንድም ጊዜ ጥሎ ማለፍ አልደረሰም፤ በ2017 የውድድር ዘመንም 16ቱንም ጨዋታዎች ተሸንፏል። ቶማስ በ2018 ጫማውን ሰቀለ፤ በ2023 ካንተን፣ ኦሃዮ በሚገኘው የዝነኞች አዳራሽ ስሙ ሰፈረ።