ዲላ

ዲላ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች።

ግብርና፦ የከተማዋ ሕይወት ከቡና ጋር የተሳሰረ ነው። የጌዴኦ ገበሬ በተዳፋቱ መሬት ላይ አገር በቀል ዛፎችን፣ በሥራቸው እንሰትን፣ ከእንሰቱ ጋር ቡናን አሰባጥሮ ያለማል። ዛፉ ለቡናው ጥላ ይሆናል፤ አፈሩንም ከመሸርሸር ይጠብቃል። እንሰቱ ቤተሰቡን ይመግባል፤ ቡናው ገንዘብ ያስገኛል። ስመ ጥሩው የይርጋ ጨፌ ቡና የዚሁ ዞን ምርት ነው።

ቅርስ፦ ጥብቅ ደኖችንና ጥንታዊ ትክል ድንጋዮችን ያቀፈው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ትምህርት፦ የዲላ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት።