የጋኑ ድምፅ

አያቴ ጋን ስትገዛ መጀመሪያ ዋጋ አትጠይቅም ነበር። ጣቷን አጥፋ በአንጓዋ መታ መታ ታደርገዋለች። ጤነኛ ሸክላ ያቃጭላል፤ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ታፍኖ ቶሎ ይሞታል። ስንጥቁ ፀጉር ቢያክል እንኳ ከጆሮዋ አያመልጥም።

ቤት ሲደርስ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ጋኑን ለማጠን የሚጨስ ወይራ ላይ ትደፋውና እኛን ልጆቹን «ዙሩት፤ ጭስ የሚወጣበት ካለ ንገሩኝ» ትለናለች። አንድ ጊዜ ከሆዱ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ብቅ ሲል አየሁ። ጣቴን ባስጠጋ ሞቀኝ። ያ ጋን ጠላ ሳይጠመቅበት ቀረ፤ የገብስ ማስቀመጫ ሆነ።

አድጌ ሥራዬ ከመሬት በታች የሚያፈስ ቧንቧ መፈለግ ሆነ። መንገዱ ጸጥ ሲል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ እንወጣለን። የብረት ዘንጋችንን አንዱን ጫፍ ቫልቭ ላይ፣ ሌላውን ጆሯችን ላይ አድርገን እናዳምጣለን። በግፊት የሚሾልክ ውሃ ሽሽሽ ይላል፤ ወደ ቀዳዳው በቀረብን ቁጥር ድምፁ ይጎላል። የሴራሚክ ንጣፍ ሥር ባዶ ቦታ መኖሩን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጎ የሚለይ ግንበኛም ሥራው ከዚሁ ወገን ነው።

መታ አድርጎ የማዳመጥ ጥበብ ታሪክ ሲነገር ሊዮፖልድ አወንብሩገር ይጠቀሳል። አባቱ ግራትስ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸው፤ ወይኑ የት ድረስ እንደደረሰ ለማወቅ በርሜል ሲመታ እያየ አደገ ይባላል። ሐኪም ሆኖ የሕመምተኛን ደረት በጣቱ መታ። አየር ያለበት ያስተጋባል፣ ፈሳሽ የሞላበት ድምፁ ይታፈናል። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1761 ቪየና ላይ አሳተመ፤ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ ግን ችላ አሉት። የናፖሊዮን ሐኪም ኮርቪዛር በ1808 ወደ ፈረንሳይኛ ሲመልሰው ነው የአወንብሩገር ስም የገነነው። በ1816 ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ ወረቀት ጠቅልሎ የሕመምተኛ ልብ አዳመጠ፤ ኋላም ቱቦውን ከእንጨት ሠራው። ያን የእንጨት ቱቦ በሥዕል ሳየው የእኛ ዘንግ ታናሽ ወንድም መሰለኝ።

ዛሬ ኮሪሌተር የሚባል መሣሪያ አለ። ቧንቧው ላይ በሁለት ቦታ የተቀመጡ ጆሮዎቹ ድምፁን የሰሙበትን የጊዜ ልዩነት አስልቶ ቀዳዳው ያለበትን ይነግራል። በብረት ቧንቧ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚሮጥ ልዩነቱ ከዓይን ጥቅሻ ያንሳል። ፕላስቲክ ቧንቧ ግን ድምፅ ይውጣል፤ እዚያ መሣሪያውም ይቸገራል።

አወንብሩገር ስሙ ተጽፎለታል፤ ይገባዋል። የእኛ ሸክላ ሠሪዎች ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የሉም፤ ይህ ያንገበግበኛል። ጋናቸውን እየገዛን፣ እነሱን ቡዳ እያልን ከማዕዳችን አርቀናቸው ኖረናል። ለአያቴ ጋን ትሸጥላት የነበረችውን ሴት አስታውሳለሁ። ጋኖቿን ከጭድ ውስጥ አንድ በአንድ እያወጣች፣ ገዢ ሳይነካቸው በፊት ራሷ መታ መታ ታደርጋቸው ነበር። አንዱ ድምፁ ታፈነ። ከገዢዎቹ ማንም አልሰማም፤ እሷ ግን ከኋላዋ አስቀመጠችው።