በላይ የሚጫነው ቁልፍ አልነበረውም

አያቴ ላፕቶፑን እንደ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ታየዋለች። ስክሪኑ ላይ እኔና ጓደኞቼ በእጃችን የሳልነው የዓባይ ሸለቆ አለ። ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ የበላይ ዘለቀ ሰዎች አድፍጠዋል፤ ከታች የጣልያን ጦር እየተጥመለመለ ወደ ሸፈርታክ ይወርዳል። ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለት ቁልፎች ብቅ ይላሉ፦ «ዝጋ» እና «አሳልፍ»። ከሥራቸው ሰዓቱ ከ10 ወደ 0 ይቆጥራል።

«ንኪው እማ፣ የፈለግሽውን» አልኳት።

አልነካችም። ቆጠራው አለቀና ፕሮግራሙ ራሱ «አሳልፍ»ን መረጠ። እንደዚያ አድርጌ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጦሩ ወንዙን ተሻገረ።

«አሁን ይኼን ማን ነው የጠየቀው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ዝጋ ወይ አሳልፍ ብሎ ነዋ። በላይን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ስምንት ወር የለፋሁበት ፕሮጀክት አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ሴት ባነሳችው ጥያቄ ተንገዳገደ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጥያቄ ነው።

ጊዜው 2012 ዓ.ም. ነው። ደብረ ማርቆስ የሶፍትዌር ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚሠራው ይታወቃል፦ የመድኃኒት ቤት አስተዳደር ሲስተም፣ የዶርም ድልደላ ሲስተም፣ ምናምን ሲስተም። እኛ አራት ነበርን፤ ሌላ ነገር አማረን። ተመልካቹ እየመረጠ የሚሄድበት፣ ምርጫው ታሪኩን የሚያጥፈው አኒሜሽን እንሥራ አልን።

መጀመሪያ ያሰብነው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ የአካባቢያችን ሰው ናቸው፤ ዲማ ጊዮርጊስም ሩቅ አይደለም። ደግሞስ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ተጋብተው እንዲኖሩ ያልተመኘ አንባቢ ማን አለ? ሐሳቡን የጣልነው በሁለት ምክንያት ነው። አንድ፣ መጽሐፉ ባለቤት አለው። ሁለት፣ ከመካከላችን አንዱ «መቃብሩ ከወጣ ርዕሱ ምን ሊሆን ነው?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ከዚያ ወደ ታሪክ ዞርን። ታሪክ ባለቤት የለውም ብለን አሰብን።

የቅርንጫፍ ታሪክ ትልቁ ጠላት ሒሳብ ነው። አስቡት፦ ተመልካቹ 10 ጊዜ ይመርጣል፣ በየጊዜው ሁለት አማራጭ አለው። ቅርንጫፉ ሁሉ ለየብቻው ከሄደ መጨረሻው 1,024 ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ያሉትን ትዕይንቶች ስትደምሯቸው 2,046። እያንዳንዱ ትዕይንት 30 ሰከንድ ቢሆን ከ17 ሰዓት በላይ አኒሜሽን ነው። በሰከንድ 12 ሥዕል ብንቆጥር ደግሞ ከ736,000 በላይ ሥዕል። እኛ አራት ነን፤ በደንብ የሚስለው አንዳችን ብቻ ነው። ወረቀት ላይ በእርሳስ ይስላል፣ በስልክ ፎቶ እናነሳዋለን፣ ክሪታ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ቀለም እንቀባለን፣ እኔ በጃቫስክሪፕት አያይዘዋለሁ።

ከሒሳቡ ያወጣን አንድ የቆየ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሞንትሪያል በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን የቼኮዝሎቫኪያ ድንኳን ውስጥ ኪኖአውቶማት የሚባል ነገር ታየ፤ ራዱዝ ቺንቼራ የተባለ ሰው ያመነጨው። እያንዳንዱ ወንበር ላይ ቀይና አረንጓዴ ቁልፍ አለ። ፊልሙ ይቆማል፣ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ «ገጸ ባሕሪው አሁን ምን ያድርግ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ታዳሚው ድምፅ ይሰጣል፣ በድምፅ ብልጫ ይቀጥላል። ሕዝቡ ጉድ አለ። ሚስጥሩ ግን ቀላል ነበር። የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ ሁለቱ መንገዶች ተመልሰው ቀጣዩ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፤ በመጨረሻም ሕንፃው ይቃጠላል። እሳቱ ከመጀመሪያ የተወሰነ ነው። ቺንቼራ በምርጫ ላይ እየቀለደ ነበር።

እኛም ቀልዱን ትተን ዘዴውን ወሰድን። ቅርንጫፎቹ እየተከፈሉ ተመልሰው ይገናኛሉ፤ የተመረጠውን ነገር ፕሮግራሙ በተለዋዋጭ መዝግቦ ይይዝና በኋላ አንዲት ንግግር ወይም አንዲት ምስል ይቀይራል። 2,046 የነበረው ትዕይንት 26 ሆነ። ቀረን ታሪኩ።

ታሪኩ ይኸው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ገቡ። አብሯቸው የነበረው በኦርድ ዊንጌት የሚመራ አነስተኛ ጦር ነው፤ ስሙንም በጥቂት ሰው ብዙ ጠላት ካሸነፈው ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጌዴዎን ወስዷል። ጎጃም ውስጥ ግን ጦርነቱ ያኔ አልተጀመረም። አርበኞቹ ዓመታት አስቆጥረዋል። ከነሱ አንዱ ቢቸና አካባቢን የያዘው አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ነው፤ ማዕረጉን ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከጠመንጃው ያገኘ ሰው።

በሌላ ወገን ራስ ኃይሉ አሉ፤ የጎጃሙ ንጉሥ የተክለ ሃይማኖት ልጅ። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እንዲያመልጥ ረድተዋል ተብለው ግዛታቸውን ተነጥቀው ታስረው ነበር። ጣልያን ሲገባ ከጣልያን ጋር ቆሙ።

መጋቢት 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ኮሎኔል ማራቬንታኖ ከ10,000 በላይ ሰው ይዞ ደብረ ማርቆስን ለቀቀና ወደ ዓባይ ወረደ። ከተማዋን ራስ ኃይሉ ተረከቡ። መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ ገቡ፤ ራስ ኃይሉም ቀርበው እጅ ነሡ። በዚያችው ዕለት የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ደረሰ። የዊንጌት ሐሳብ በላይ ሸፈርታክ ላይ መንገዱን እንዲዘጋ ነበር። መንገዱ አልተዘጋም። ጦሩ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ።

ለምን? በእንግሊዞች በኩል በተጻፈው ታሪክ መልሱ አጭር ነው፦ ራስ ኃይሉ መልእክት ልከው፣ ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ገብተው በላይን አባበሉት። እኛም ያገኘነው መጀመሪያ ይኼንን ነበርና የፕሮጀክቱን ዋና ቁልፍ እዚያ ላይ ተከልነው። «አሳልፍ»ን ከመረጥክ የምናውቀው ታሪክ ይቀጥላል፦ በላይ ደጃዝማች ይባላል፣ የተሰጠው ሹመት አያረካውም፣ ከመንግሥት ጋር ይጋጫል፣ ጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ይሰቀላል። «ዝጋ»ን ከመረጥክ ግን ጦሩ ሸለቆው ውስጥ ያልቃል፣ በላይ ራስ ይሆናል፣ ገመዱ የለም።

ዶርም ውስጥ ላሳየነው ሁሉ ሰው «ዝጋ»ን ነበር የሚጫነው። በላይን ማዳን ደስ ይላል። እኛም ደስ ብሎን ነበር።

መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። ላፕቶፔን ይዤ ደጀን አጠገብ ወዳለው ቀያችን ገባሁ። አያቴ ጣልያን በወጣ በዓመቱ የተወለደች ናት። አባቷ የበላይ ሰው እንደነበረ አውቃለሁ፤ ግን እንደማንኛውም የጎጃም ልጅ «የኛም አያት አርበኛ ነበር» ከማለት አልፌ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ያን ቀን ጥያቄዋን ከጠየቀች በኋላ እናቷ የነገረቻትን ነገረችኝ። አባቷ ከዓባይ ተመልሶ መጣ፣ ጠመንጃውን ምሰሶው ላይ ሰቀለ፣ ምን ሆናችሁ ቢሉት «ትእዛዝ አልመጣም» አለ። ሌላ አልተናገረም። እስኪሞት ድረስ።

በሱ በኩል እንግዲህ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለት ቁልፍም፣ አሥር ሰከንድም የለም። የሚጠበቅ ነገር ነበር፤ አልመጣም።

በነጋታው ጎረቤት ያሉ አንድ ሽማግሌን ጠየቅሁ። «ልጄ፣ በመድፍና በመትረየስ የታጀበን ጦር በምንሽር አትዘጋውም» አሉኝ። ሌላው አባት ደግሞ የራስ ኃይሉ መልእክተኛ በሌሊት መጥቶ እንደነበር ከአባታቸው ሰምተዋል። በአንድ ቀበሌ ሦስት ታሪክ። የትኛውንም ማረጋገጥ አልችልም፤ ሦስቱም ግን አንድ ወንዝ ዳር ቆመው ከነበሩ ሰዎች የመጡ ናቸው።

ግራ ገብቶኝ የሰፈራችንን መሪጌታ አማከርኩ። ላፕቶፑን አይተው፣ ሦስቱንም ታሪክ ሰምተው «ታዲያ ይኼ አንድም ነዋ» አሉ።

አንድምታን ስሙን እንጂ ውስጡን አላውቀውም ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ መምህሩ ንባቡን ያነባል፣ ከዚያ ትርጉሙን ይሰጣል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጉም ይጨምራል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል። «አንድም ስትል የበፊቱን አላባረርከውም፤ አጠገቡ ወንበር ሰጠኸው እንጂ» አሉኝ መሪጌታ። ቤቴ ገብቼ ኮዴን ስከፍተው ነገሩ ገባኝ። እኔ የጻፍኩት «ይህ ከሆነ ይህ፣ ካልሆነ ያ» የሚል ነው፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል። አንድም ግን ዝርዝር ነው፤ ሁሉም በየመስመሩ ይቀመጣል።

በስልክ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ሦስቱም ወዲያው አልተስማሙም። በተለይ ሠዓሊያችን ተቆጣ። «ታዲያ ባንዳም አንድም ሊባልለት ነው? ሁሉም እውነት ከሆነ ማንም ጥፋተኛ አይሆንም እኮ» አለ። ልክ ነበር። ይህ ጥያቄ ለቀናት አከራከረን። ለመሪጌታ ብወስድላቸው የሰጡኝ መልስ አጭር ነው፦ «ንባቡ አይነካም።» ትርጓሜው ይበዛል፤ ንባቡ ግን አንድ ነው፤ እሱን የሚቀይር ሰው ትርጓሜ ሳይሆን ሌላ መጽሐፍ እየጻፈ ነው።

ፕሮጀክቱን ያዳነው ይህ ነው። ግንዱና ቅርንጫፉ ተለየልን። መጋቢት 26 ንባብ ነው። ጦሩ መሻገሩ ንባብ ነው። ራስ ኃይሉ ከጣልያን ጋር መቆማቸው ንባብ ነው፤ ማንም ቁልፍ ተጭኖ አያጥበውም። የጥር 4ቱ ገመድም ንባብ ነው፤ ማንም ቁልፍ ተጭኖ አይፈታውም። ሌላም ንባብ አለ፣ በመጀመሪያው ሥራችን ጭራሽ ያልነበረ፦ ያ ያመለጠው ጦር ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 15፣ አጊባር ላይ በጌዴዎን ጦርና በአርበኞች ተከቦ እጁን ሰጥቷል። ሸፈርታክ ቢዘጋም ባይዘጋም ጣልያን ይወጣ ነበር፤ እንደ ኪኖአውቶማት መንገዶቹ ይገናኛሉ። ከዚያ ቀን የቀረው የበላይ ስም ነው፤ ክርክሩም እሱ ላይ ነው።

ስለዚህ «ዝጋ» እና «አሳልፍ»ን ሰረዝናቸው። በአዲሱ ሥራ ተመልካቹ የሚመርጠው በማን ዓይን እንደሚያይ ነው፦ አፋፉ ላይ ያለው አርበኛ፣ የራስ ኃይሉ መልእክተኛ፣ ከሩቅ ወሬ የሚጠብቀው እንግሊዛዊ መኮንን፣ ቤት የቀረችው ሚስት። አንዱ ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አንድም»። ቢያንስ ሦስቱን ያልሰማ ሰው መጨረሻውን አያይም። ኮዱ ከበፊቱ አጠረ፤ ሥዕሉ ግን ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ ተሳለ።

ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ስናቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ «ታዲያ ተጠቃሚው ምን ያሸንፋል?» ብሎ ጠየቀን። እርስ በርስ ተያየን። «ምንም» አልን። የተሰጠን ውጤት መካከለኛ ነበር፤ አልተከፋንም።

ከተመረቅሁ በኋላ ቀዬ ስገባ ለአያቴ አሳየኋት። አራቱን ፊቶች አየችና ጣቷን አርበኛው ላይ አሳረፈች። የሱ ትዕይንት 40 ሰከንድ ነው፤ ብዙ ነገር የለውም። ሰውየው ገደሉ ላይ ተኝቶ ታች ያያል፣ ነፋስ ጋቢውን ያነሣዋል፣ አንዴ ወደ ኋላው ዞሮ ያያል፣ ማንም አይመጣም። ስንሠራው ይሰለቻል ብለን ልናሳጥረው ነበር።

አለቀና «አንድም» የሚለው ወጣ። እንዳትቸገር ብዬ ልነካላት እጄን ሰደድኩ።

«ተው» አለችኝ። «ይኼኑን ድገምልኝ።»