ከለገሃር በኋላ ያለው ዳገት

አያቴ የባቡር ነገር ሲነሳ ስለ ባቡሩ ብዙም አታወራም ነበር። ድሬዳዋ ደርሳ ስትመለስ ያየችውን በረሃ፣ አዋሽ ላይ የበላችውን፣ በመስኮት የገባባትን አቧራ፣ ካልጠየቅናት አትነግረንም። ሳትጠየቅ የምትነግረን ከባቡሩ ከወረደች በኋላ ያለውን ነው። «ባቡሩ ያደረሰኝ ለገሃር ነው» ትል ነበር፤ «ቤቴ ያደረሰኝ ኩሊው ነው።»

ቤቷ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ጉለሌ፣ እንጦጦ ሥር። ከለገሃር ሽሮ ሜዳ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን አብዛኛው ሽቅብ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ከለገሃር ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። አያቴ ከተሸካሚ ጋር የምትዋዋለው በሁለት ክፍያ ነበር፦ ግማሹ አራዳ ሲደረስ፣ ግማሹ ሽሮ ሜዳ በሯ ላይ። «ለምን?» ብንላት «አራዳ ላይ ጥሎኝ እንዳይሄድ ነዋ!» ትላለች። ከአራዳ በላይ አንወጣም የሚሉ ነበሩ። እንዲህ ሲሆን አራዳ ላይ ሌላ ሰው ፈልጋ፣ እንደ አዲስ ተከራክራ ትቀጥላለች።

ልጅ ሆኜ ይህን እንደ ተራ ወግ ነበር የምሰማው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ግን እኔም በአዲሱ ባቡር ድሬዳዋ ልሄድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጋቢ የታሸገበት ሻንጣ ይዤ ከሽሮ ሜዳ ስወጣ፣ ወጉ ሌላ ትርጉም ያዘብኝ። ስለ ጣቢያ ስናስብ ቶሎ የሚመጣብን ሕንፃውና ሰዓቱ ነው። አያቴ ግን የምትለካው ከበሩ ወዲህ ባለው ነበር። ጣቢያ ርክክብ የሚደረግበት ቦታ ነው፤ ባቡሩ ያመጣውን ሰውና ዕቃ ለከተማው ያስረክባል። በዚህ ሚዛን የአዲስ አበባን የባቡር ታሪክ እንደገና ላየው ፈለግኩ።

*

ባቡሩ ለምን እዚያ ታች ቆመ? መልሱ ከአዲስ አበባ በፊት ይጀምራል።

አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሼፍኖ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የመስመሩ ትልቅ ፈተና ዳገት ነበር። ባቡር በብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚሄድ ሰበቃው ትንሽ ነው፤ ሜዳ ላይ በጥቂት ጉልበት ብዙ ጭነት ይጎትታል። ዳገት ላይ ግን ያው የሰበቃ ማነስ ጠላት ይሆንበታል፤ ጎማው ይንሸራተታል። ከባድ ጭነት የያዘ ባቡር በአንድ ኪሎ ሜትር 20 ሜትር ከፍ ማለት እንኳ ይፈትነዋል። አህያ የምትወጣውን ዳገት ባቡር አይወጣም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዕቅድ ባቡሩን ሐረር ማድረስ ነበር። ሐረር ደግሞ ከፍታ ላይ ናት። ዳገቱና ወጪው ሲከብድ ሐዲዱ ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ገና አዲስ ከተማ እየተቆረቆረ ነበር። ያኔ «አዲስ ሐረር» ይባል የነበረው ነው ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው። ባቡሩ ወደ ከተማው መውጣት ሲያቅተው፣ ከተማ ወደ ባቡሩ ወረደ።

አዲስ አበባም ከዚህ ዕጣ አላመለጠችም። እርግጥ መውረዱን የጀመረችው ከባቡሩ በፊት ነው፤ ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፍልውሃ ሲወርዱ። የመጀመሪያው የባቡር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1907 ከስሮ፣ በ1908 በፈረንሳይ ካፒታል ሌላ ተተክቶ፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ከባሕር ጠርዝ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ከፍልውሃ ብዙም ሳይርቅ አበቃ። ስሙም ያንኑ ይናገራል፤ «ላ ጋር» በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ነው።

ገበያው ግን ያኔ አራዳ ነበር፤ ላይ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ። ከአራዳ በላይ ደግሞ ጉለሌ፣ ቀጨኔ፣ ሽሮ ሜዳ አሉ። ያን ሁሉ ተራራ የወጣው ባቡር የቀረችውን ቁራጭ ዳገት ለሰውና ለአህያ ትቶ ቆመ።

*

የመጨረሻ ጣቢያ መንደፍ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። መሐንዲሱ ጠባያቸው የማይገጥም ሦስት ደንበኞች አሉት።

የመጀመሪያው መንገደኛው ነው። መንገደኛ በራሱ እግር ይሄዳል፣ ይጠይቃል፣ ይቸኩላል፣ ይናደዳል። የሚፈልገው ለከተማው መሃል መቅረብን፣ አጭር መንገድን፣ ጥላን፣ ሰዓትን፣ ቲኬት መቁረጫን፣ ሽንት ቤትን ነው። ሁለተኛው ጭነቱ ነው። ጭነት አይራመድም፣ ግን አያጉረመርምም። እሱ የሚፈልገው ሰፊ ግቢ፣ ረጅም ሐዲድ፣ መጋዘን፣ ሚዛን፣ የጉምሩክ ፈታሽ፣ ጋሪና መኪና የሚዞርበት ቦታ ነው። ሁለቱን አንድ በር ላይ ካገናኛችኋቸው ሁለቱም ይቆማሉ፤ የቡና ጆንያ በተሸከመ ሰውና ልጇን ባዘለች እናት መሃል ቅድሚያ የሚሰጥ ትራፊክ ፖሊስ የለም።

ሦስተኛው ደንበኛ ባቡሩ ራሱ ነው። መሃል መንገድ ላይ ያለ ጣቢያ ባቡሩን ተቀብሎ በመጣበት አቅጣጫ ያሳልፈዋል። የመጨረሻ ጣቢያ ግን ማዞር አለበት። ከፊት ሆኖ ሲጎትት የመጣው ሎኮሞቲቭ በፉርጎዎቹና በሐዲዱ ጫፍ መካከል ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ ይፈታል፤ በጎን ባለ ትርፍ ሐዲድ ዞሮ ይሄዳል፤ በሌላኛው ጫፍ ይቀጠላል። በእንፋሎት ዘመን በዚያ ላይ ውሃ መሙላትና አመድ መጥረግ ነበረበት። የመጨረሻ ጣቢያ ግቢ ሰፊ የሚሆነውና ከተማ ሲያድግ መሬቱ ዓይን የሚገባው ለዚህ ነው።

ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው፤ ባቡሩ ከተማዋ ከገባ ከ12 ዓመት በኋላ። ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ከተማው፣ ዛሬ ቸርችል ጎዳና ወደምንለው አቅጣጫ አዙሮ ቆመ። በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ዋዜማ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከፊቱ ተተከለ። ፎቶ የሚነሳውም፣ ፖስትካርድ ላይ የሚወጣውም ይህ የመንገደኛው በር ነው። የዕቃው በር ግን ከመንገደኛው በር ያላነሰ ሀገር ቀያሪ ነበር። በእሱ ቡናና ቆዳ ይወጣል፤ ጨርቅና ቆርቆሮ ይገባል። የከተማዋን የሣር ክዳን ቀስ በቀስ ወደ ቆርቆሮ በመለወጥ ባቡሩ ትልቅ ድርሻ አለው።

ጣቢያው ሐዘንም አይቷል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ መስመር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ስደት ሄዱ። ጣልያኖች አንበሳውን ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ ያቆሙትም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ነው። ዘርዓይ ደረስ እ.ኤ.አ. በ1938 የተቆጣው እሱን አይቶ ነው። አንበሳው ወደ ቦታው የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለአያቴ መንገድ ይበልጥ የሚቀርብ ሌላ ነገር ተለውጦ ነበር፤ በወረራው ዘመን ትልቁ ገበያ ከአራዳ ወደ መርካቶ ተዛወረ፣ አስፋልትና የጭነት መኪና በዛ። ባቡሩ ብቸኛ መሆኑ ቀረ። ጉለሌ ግን ያው ከሁሉም በላይ ናት፤ ዕቃ ከየትም ቢመጣ የመጨረሻው ክፍል ዳገት ነው።

*

የአሮጌው መስመር የአዲስ አበባ ወገን በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጸጥ አለ። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስመር የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲሆን መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ሰፋ፤ ከአንድ ሜትር ወደ 1,435 ሚሊ ሜትር። ከሰበታ እስከ አዳማም ድርብ ሆነ።

ንድፉን ስታዩት ሦስቱን ደንበኞች በደንብ ለያይቷቸዋል። መንገደኛው ለቡ ይሳፈራል። የጭነቱ ዋና ግቢ እንዶዴ ነው። ኮንቴነሩ ደግሞ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ይወርዳል። ከመሐንዲስ ዓይን ትክክል ነው። ረጅም የጭነት ባቡር ጠባብ ኩርባ አይወድም፤ መንደር ማፍረስ ውድ ነው፤ ኮንቴነር ቸርችል ጎዳና ላይ ምን ይሠራል? የሀገሪቱ የገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ መስመሩ ከሁሉ አስቀድሞ ለጭነት ታስቦ የተሠራ ነው።

እኔን ያስቆመኝ ሌላ ነው። ጭነቱ ከከተማ መውጣቱ ተገቢ ሆኖ ሳለ መንገደኛውም አብሮት ወጣ። ኮንቴነር ከተማው ዳር ሲወርድ መኪና ይጠብቀዋል፣ ሰነዱ ተዘጋጅቷል፣ የሚወስደው መጋዘን ታውቋል። እናት ከነልጇና ከነሻንጣዋ ስትወርድ ግን የቀረው መንገድ የራሷ ጉዳይ ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ለንደንም እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ባቡሮች መሃል ከተማ እንዳይገቡ ወስና ጣቢያዎቿ ዙሪያዋን ቀሩ። ብዙም ሳይቆይ መንገዶቿ ከየጣቢያው በሚወጣ ጋሪ ታነቁ። እ.ኤ.አ. በ1863 የዓለምን የመጀመሪያ የምድር ውስጥ ባቡር የሠራችው በዋናነት ጣቢያዎቿን ከመሃል ከተማው ጋር ለማገናኘት ነው። ጣቢያውን ዳር ማድረግ ይቻላል፤ ግን የቀረውን መንገድ አንድ ሰው መሥራት አለበት።

እኛም እኮ የከተማ ባቡር አለን! የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አያቴ ብታየው የምትገረምበትን አደረገ፦ ዳገቱን ወጣ። ከለገሃር በቸርችል ቀጥ ብሎ አይደለም፤ በሜክሲኮ፣ በልደታ፣ በአብነት፣ በአውቶቡስ ተራ ዞሮ፣ ከፍታውን በርቀት አሟሽሾ፣ ምኒልክ አደባባይ ሥር ከመሬት በታች ገብቶ አበቃ። አያቴ ለተሸካሚ የመጀመሪያውን ግማሽ የምትከፍልበት ሰፈር ማለት ነው። ከዚያ በላይ፣ ወደ ጉለሌ፣ እንደ ድሮው ሌላ ፈልጉ።

ሌላኛው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። ይህ የከተማ ባቡር ለገሃር ላይ ፌርማታ አለው፤ የሩቅ ሀገር ባቡር ግን ከለገሃር አይነሳም። የሩቅ ሀገር ባቡር የሚነሳው ከለቡ ነው፤ የከተማው ባቡር ደግሞ ለቡ አይደርስም። አንዱ መስመር ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ቃሊቲ ያበቃል። ሁለት ባቡር ሠርተን መጨባበጥ የሚችሉበትን ቦታ ነፈግናቸው።

*

ለገሃር አሁን የሌላ ታሪክ ጅማሬ ላይ ናት። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የአረብ ኤምሬትሱ ኢግል ሂልስ 36 ሄክታር ላይ አዲስ መንደር እንደሚሠራ ይፋ ሆነ፤ የጣቢያው ሕንፃ በቅርስነት እንደሚቆይም ተነገረ። መቆየቱ ደስ ይላል። ግን የቆየው ፊቱ ብቻ ከሆነ የጠበቅነው ፖስትካርዱን ነው። ከዕቃው በር የወጣውን ጆንያ ተሸክሞ አራዳ የደረሰው ሰው በአንድ ክፍል፣ በአንድ ግድግዳ ላይ እንኳ ቦታ ቢኖረው፣ ሕንፃው ምን ይሠራ እንደነበር ለሚመጣው ልጅ ይገባዋል። ከዚያም ያ ልጅ መሐንዲስ ሲሆን፣ ንድፉን ሐዲዱ ሲያልቅ ከመጨረስ ይልቅ እስከ ሰው በር ድረስ ይስለው ይሆናል።

ከድሬዳዋ ስመለስ ለቡ የደረስኩት መሽቶ ነው። ሻንጣዬ ከሄድኩበት ይበልጥ ከብዷል፤ ለጋቢው አጸፋ ዘመድ ያሸከመኝ አለ። በሩ ላይ ሾፌሮች ይጣራሉ። አንዱ ሻንጣዬን እየተቀበለ «የት ነሽ?» አለኝ።

«ሽሮ ሜዳ።»

እጁን ከሻንጣው ላይ ሳያነሳ ትንሽ አሰበ። «እስከ ፒያሳ በተለመደው ነው» አለ። «ከፒያሳ በላይ ግን ትጨምሪያለሽ፣ እህቴ። ዳገት ነው።»

«ግማሹን ፒያሳ፣ ግማሹን በሬ ላይ» አልኩት።

ሳቀ። ለምን እንዳልኩት አልገባውም፤ ግን ተስማማ።